ክቡር አቶ ዊልፍ እና ግራጫው ቀለም

የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ የሚባል ፍጡር ቤታችሁ የሚመጣው እናንተን ሊጠይቅ አይደለም፤ ግድግዳችሁን ሊጠይቅ ነው። የኛ የማዕድን ከተማ የቲሚንሱ ክቡር አቶ ዊልፍ ማካሊ ካፖርቱን ሳያወልቅ ፎቶግራፍ ያወርዳል፣ ይገለብጣል፣ ጀርባውን ያነባል። ፊቱ ላይ ማን እንዳለ ጉዳዩም አይደለም።

የሚሰበስበው የድሮ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን ፎቶ ነው፤ ያውም ከማስቲካ ጋር የሚታደሉት የተጫዋች ካርዶች የተሠሩባቸውን ዋናዎቹን። በዚያ ዘመን ተጫዋች ቡድን ሲቀይር አዲስ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ አሮጌው ላይ አዲስ ማሊያ በብሩሽ ይቀቡለት ነበር። አጠገቡ ሌላ ሰው ከቆመ ደግሞ በግራጫ ቀለም ይሸፍኑታል። ለዊልፍ ያ ቀለም ቅዱስ ነው። «ቀለሙ ከተነካ ፎቶው ሞቷል!» ይላል። እኔ አንድ ቀን በጣቴ ጫፍ ብነካበት ሦስት ሳምንት ሰላምታ ነስቶኛል።

የአጎቴ ቀብር ዕለት ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ የቆመውን ፎቶ ገልብጦ የካርድ አሳታሚ ማኅተም ሲፈልግ አክስቴ ደረሰችበት።

«ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ምንም እትዬ፣ ነፍስ ይማር» አላት፤ ፎቶውን ግን አልለቀቀም።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበው የእትዬ ፍሎሬት ላሾንስ ፎቶ ነው። ወንድሟ ሬዣን አንድ ክረምት ብቻ ለትልቅ ቡድን ተጫውቶ ካርድ ወጥቶለት ነበር። ዊልፍ አሥራ አንድ ዓመት ለመናት። ደጇን ከበረዶ ጠረገ፣ የቅቤ ታርት የሚሉትን ጣፋጭ ኬክ ተሸክሞ ተመላለሰ። «ስሞት ትወስደዋለህ» ትለዋለች። «ኧረ ዕድሜ ይስጥሽ!» ይላል፤ ፊቱ ግን ሌላ ያወራል።

ባለፈው መጋቢት ራሷ አስጠራችው፤ በመኪና ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ከሁለት ወር በኋላ አታዪም» ብሏታል። ፎቶውን እጁ ላይ አኖረችለት።

«በል ውሰደው፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ለነገሩ ማየት የምፈልገው ሬዣንን አልነበረም።» ከወንድሟ አጠገብ ያለውን ግራጫ አመለከተችው። «እዚህ ጋ አባባ ቆሞ ነበር። በዚያው ዓመት የማዕድን ጉድጓዱ ተደረመሰበት። ሌላ ፎቶ የለውም።»

ዊልፍ ፎቶውን ገለበጠው። ማኅተሙ አለ፣ ለካርዱ የሚቆረጥበት ምልክት አለ፣ አንድም የጎደለ የለም። ከዚያ ጥጥና ለብ ያለ ውኃ እንዳመጣለት ጠየቀኝ።

«አብደሃል እንዴ?»

«ዝም ብለህ አምጣ!»

ግራጫው ቀስ እያለ ለቀቀ። መጀመሪያ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ጢም፣ በመጨረሻም የልጁን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ወጣ። እትዬ ፍሎሬት አፍንጫዋ ፎቶውን እስኪነካ ተጠጋች።

«እየሳቀ ነው እኮ! ጥርሱን ረስቼው ነበር» አለች።

ዊልፍ ፎቶውን መቀመጫዋ አጠገብ፣ ዓይኗ በሚደርስበት ቦታ ዝቅ አድርጎ ሰቀለላት። ወደ መኪናው ስንመለስ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ «አበላሸሁት፣ አይደል?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሳቅኩበት ሰው ነው። በረዶው መሀል አቅፌው ቆምኩ፤ እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ።