ሸዋንዳኝ ሌንሳቸውን ከወፍጮ አፍ ስለ ማዳናቸው

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለሸዋንዳኝ ዘሲቀላ። በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ሸዋንዳኝ የፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ሠራዊተ ካሜራቸውን ወደ መኖሪያ ቤታቸው ካፈለሱ በኋላ፣ ሙሽራ አሰላፊው፣ አገጭ አቃኚው፣ ፈገግ በሉ ባዩ ጌታ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላ ሰፈር ያደረጉትን ጀብዱ፣ እኔ ግቢ የምጋራቸው ጎረቤታቸው በዐይኔ ባየሁትና በግድግዳ በሰማሁት መጠን እጽፋለሁ፤ የጨመርሁት የለም፣ ከአማታቸው ቃል ግን ለወረቀት የማይመቸውን ቀንሻለሁ።

በዚያ ዘመን የካሜራው መንግሥት መናገሻ አልነበረውም። ትሪፖዱ ከበር ኋላ ከመጥረጊያው ጋር ዘብ ይቆማል፣ ፍላሹ በጫማ ካርቶን ተግዞ ይኖራል፣ ባትሪዎቹ በስኳር ጣሳ ሰፍረዋል፣ ሚሞሪ ካርዱም አንድ ቀን በዚህ ኪስ አንድ ቀን በዚያ ኪስ ሲዞር ይከርማል፤ የሁሉ አልጋ ወራሽ የሆነው ትልቁ ሌንስ ግን በካልሲ ተጠቅልሎ ከትራስ ሥር ያድር ነበር። ከዚህም የተነሣ በይበልጣል ሠርግ፣ ይኸውም በሚስታቸው በእቴጌ ጸዳለ ወንድም ሠርግ፣ ባትሪው ከስኳሩ ጋር ቤት ቀርቶ ኬኩ ሲቆረስ በስልክ ተነሣ፤ አማታቸው ወይዘሮ ልክነሽም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋንዳኝን ፊት ለፊት አላዩአቸውም። አሁን ደግሞ የጸዳለ ታናሽ እኅት ብሩክታዊት በመጪው እሑድ በጨንቻ ልትዳር ነውና፣ ከወይዘሮ ልክነሽ ዘንድ እንዲህ የሚል አዋጅ በስልክ ወረደ፦

«ልጄ ያለ ፎቶ አትዳርም! የዚህን ሠርግ ፎቶ ያጠፋ አማች ከእንግዲህ በበሬ የሚገባው ለለቅሶዬ ብቻ ነው!»

ሸዋንዳኝም ይህን ሰምተው ሐሙስ ዕለት ሌንሱን ከካልሲው አውጥተው ወደ መስኮት ቢያነሡት፣ ወዮ፣ ከመስተዋቱ ጠርዝ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ አዩ። ከዓባያና ከጫሞ የሚነሣው ወበቅ ከግንቦት ዝናብ ጋር ተማክሮ እስከ ትራስ ሥር ድረስ ዘምቶባቸው ኖሯል። ደግነቱ ሻጋታው ከላይ ብቻ ነበርና በስስ ጨርቅ ጠርገው አጠፉት፤ ነገር ግን ሌንሱ ደረቅ ስፍራ ካላገኘ ጠላት ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። በቤቱም ደረቅ ስፍራ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የእቴጌ ጸዳለ ቡፌ ነው፣ በመስተዋት የታጠረ፣ በውስጡ አምፖል ያለው፣ አፍ ነክቷቸው የማያውቅ ብርጭቆዎችና እንግዳ የሚያያቸው እንጂ የማይጠጣባቸው ስኒዎች የሚኖሩበት። ሸዋንዳኝ ራሳቸውን መልእክተኛ አድርገው ላኩ፤ ጸዳለም ከቡፌው ፊት ቆመው አወጁ፦

«ይህ ቡፌ የወግ ዕቃ ማስቀመጫ እንጂ የኮተት መጋዘን አይደለም! ዛሬ ሌንስ ያስገባ ነገ ትሪፖድ ያስገባል፣ ከነገ ወዲያ ስኒዎቼን በረንዳ ያወጣል! አይገባም ብያለሁ፣ አይገባም!»

ድል የተነሡት ጌታ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ውኃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ሲቀበር እንደሚድን ሰምተው ነበርና ሩዝ ፈለጉ፤ ሩዙ ግን በፋሲካ አልቋል። ጤፍ ነበረ፣ በሁለት ጆንያ፤ አንዱ ገና ያልተነፋ፣ ጠጠርና ገለባ ያለበት፣ ሁለተኛው ተነፍቶ የጠራ። እርሳቸውም ጠጠር መስተዋት ይጭራል ብለው በታላቅ ጥበብ የጠራውን መረጡ፤ ጸዳለ ቤተ ክርስቲያን ሳሉም ሌንሱን ከነካልሲው ከጆንያው እምብርት ቀበሩት፤ ወእምዝ እጃቸውን አራግፈው በሰላም ተቀመጡ። ተነፍቶ የጠራ ጤፍ የሚጠብቀው ወፍጮን ብቻ መሆኑን፣ እንጀራ የበላ ሁሉ የሚያውቀውን፣ እርሳቸው ብቻ አላሰቡትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሸዋንዳኝ ለሠርጉ ፀጉራቸውን ተስተካክለው ሲመለሱ ያልተነፋው ጆንያ ብቻውን ቆሞ አገኙት። ጸዳለ ለመልሱ ድግስ የጠራውን አስጭነው ሄደዋል። የጌታ ጩኸት እኔ ቤት የነበረውን የሻይ ማንኪያ አንቀጠቀጠው። ወዲያውም ከግቢው መካከል ቆመው፣ አንገታቸው ገና የፀጉር ብናኝ እንደ ለበሰ፣ ክተት አወጁ፦

«ስማ፣ በዚህ ግቢ የተከራየህ ሁሉ! ሌንሴ ወፍጮ ቤት ሄዷል! እግር ያለህ በእግርህ፣ ባጃጅ ያለህ በባጃጅህ ተከተለኝ! የቀረህ እንደ ሆነ ለጉርድ ፎቶ ወደኔ እንዳትመጣ!»

የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ባለ ባጃጁ ኤርጫፎ፣ መሪ በአንድ እጁ የሚይዝ፤ ሙዝ ነጋዴው ባፈና፣ ስለ ምን እንደሚዘምት ያልጠየቀ፤ እኔ ጸሐፊው፣ በነጠላ ጫማ፤ እስከ አስፋልቱ ድረስም የግቢው ውሻ። ኤርጫፎ የሙዝ መኪናዎቹን በቀኝ፣ ሚኒባሶቹን በግራ፣ ትራፊክ ፖሊሱን በፈገግታ እያለፈ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አደረሰን።

እነሆ፣ የወፍጮው ባለቤት ዳና ከቅንድቡ እስከ እግሩ በዱቄት ነጥቶ የጸዳለን ጆንያ ወደ ወፍጮው አፍ አንሥቶ ነበር፤ ጸዳለም ወዲያኛውን ጫፍ ይዘውለታል። ሸዋንዳኝ ከደጃፉ ሆነው ከአዋጆቻቸው ሁሉ የሚበልጠውን አዋጅ አሰሙ፤ ዳሩ ግን ወፍጮው ይጮህ ነበርና አንዲት ቃል እንኳ የሰማ የለም። ዳና ሰላምታ መስሎት ራሱን ነቅንቆ መለሰላቸው። በዚህን ጊዜ ጌታ ተወርውረው እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ጆንያው ውስጥ ሰደዱ፤ ወረፋ የያዙት የሲቀላ እመቤቶችም ወረፋ ሊያልፍ የመጣ ሰው መስሏቸው ዘንቢላቸውን ይዘው ተነሡባቸው፣ አንዲቱም ሸሚዛቸውን ከኋላ ጨምድዳ ያዘች። ዳና ይህን ባየ ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ አወጀ፦

«ያለ ወረፋ እዚህ ማንም አያስፈጭም! ሰውዬው ራሱ ሊፈጭ መጥቶ ከሆነም ከኋላ ይሰለፍ!»

ጸጥታ ሆነ። በጸጥታውም መካከል የሸዋንዳኝ ክንድ ከጆንያው ቀስ ብሎ ወጣ፣ ከክንዱም ጫፍ ካልሲ፣ ከካልሲውም ውስጥ ሌንስ። እመቤቶቹ ግን ያዩት ካልሲውን ነው፤ ከዚያም ሁሉም ዞረው ጸዳለን አዩ። ጸዳለ በሀገር ፊት ከእህላቸው ካልሲ ወጥቶባቸዋልና ፊታቸው ቀላ፤ ሆኖም ሌንሱን ከባላቸው እጅ ተቀብለው ወደ ብርሃን ሲያነሡት፣ ነገ እኅታቸው ያለ ፎቶ ልትዳር ጥቂት ቀርቷት እንደ ነበር ገባቸው፤ ባላቸውን ለዚህ ያበቃውም የቡፌው መዘጋት መሆኑ ገባቸው። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቅ አሸነፋቸው፣ እንዲህም ብለው አወጁ፦

«ካልሲው የታጠበ ነው፣ ይህን ሁላችሁም ስሙልኝ! ሌንሱም ከዛሬ ጀምሮ ቡፌ ይገባል፤ መካከለኛው መደርደሪያ ለካሜራ ነው፣ አምፖሉም አይጠፋም! ስኒዎቹ ግን በረንዳ አይወጡም፤ እንጠጣባቸዋለን!»

ካልሲው የታጠበ ስለ መሆኑ እኔ ጸሐፊው አልመረመርሁም። በዚያው ቀን ግን ሌንሱ፣ ፍላሹ፣ ባትሪውና ካርዱ በመካከለኛው መደርደሪያ በማዕርጋቸው ተሰልፈው ሲቀመጡ አይቻለሁ፣ ከወግ ስኒዎቹም በአንዱ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ሻዩ ከሌላው ሻይ አይለይም።

እሑድም በጨንቻ ብርድና ጉም መካከል ብሩክታዊት ተዳረች። ባትሪው ነበረ፣ ካርዱ ነበረ፣ ሌንሱም ነበረ። ወይዘሮ ልክነሽ ልጃቸውን ሲሸኙ የተነሡትን ፎቶ ሸዋንዳኝ ባሳዩአቸው ጊዜ፣ አማቲቱ ከፎቶው ቀና ብለው አማቻቸውን ፊት ለፊት አዩ። ሸዋንዳኝ ያን ጊዜ እንዳለቀሱ ይክዳሉ፤ እኔ ግን አጠገባቸው ነበርሁ።

ጸዳለም ያን ፎቶ በትልቁ አሳጥበው በፍሬም አስገብተው በቡፌው ውስጥ ከካሜራው ፊት አቆሙት። ከዚያ ወዲህ ሸዋንዳኝ አንዲት ባትሪ ቢሹ አስቀድመው አማታቸውን ከነፍሬማቸው በሁለት እጃቸው አንሥተው ጠረጴዛ ላይ ማኖር፣ ሥራቸውንም ሲጨርሱ ሁሉን በየስፍራው መልሰው አማታቸውን በካሜራው ደጅ ማቆም ግድ ሆነባቸው፤ በእርሳቸው ዐይን ሥር ዕቃ የሚያዝረከርክ አማች ገና አልተወለደምና ከዚያ ቡፌ እስከ ዛሬ አንዳች ነገር አልጠፋም።

ክብር ለሸዋንዳኝ፣ ክንዳቸውን ለሰጡ፤ ክብር ለጸዳለ፣ መስተዋታቸውን ለከፈቱ፤ ክብር ለዳና፣ በጊዜው ሞተሩን ላጠፋ። ዘመናቸው ይርዘም፣ ሌንሳቸው አይሻግት፣ ጤፋቸውም ጤፍ ብቻ ይሁን፤ አሜን።