መኪናዬ ልቤን ልትቀይር የተነሣችበት ከሰዓት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ከመኪናዬ ነቅዬ ግቢ ውስጥ ባወጣሁት የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። ወንበሩን የነቀልኩት ሥራ ፈትቼ አይደለም። ባለቤቴ ትርሲት የመውለጃዋ ቀን ደርሷል፤ መኪናችን ደግሞ የቤንዚን ፓምፕ ተቃጥሎባት ከቆመች ሰንብታለች። መካኒኩ «ነገ እመጣለሁ» እያለ ሲያጉላላኝ ጊዜ፣ ምን አለበት፣ እኔው እቀይረዋለሁ ብዬ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ገባሁበት። ታንከሩ ውስጥ የነበረውን ቤንዚን በቱቦ ስቤ ወደ ጀሪካን ገለበጥኩ፤ የተወሰነውን ዋጥኩት መሰለኝ። አሮጌውን ፓምፕ ከኋላ ወንበሩ ሥር አውጥቼ አዲሱን ገጠምኩ። ቤንዚኑን መልሶ መጨመር ብቻ ሲቀረኝ ራሴን አዞረኝና አንዴ ጋደም ልበል አልኩ።

ወዲያው መኪናዬ በኋላ ጎማዎቿ ቆማ መጣች። የእኔን ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች።

«ልብህ ነው» አለችኝ። «አይገፋም። እዚሁ ቤት እንቀይረዋለን።»

«ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«ቪዲዮ አይቻለሁ።»

ስልኩን አገጬ ላይ አስደግፋ ከፈተችው። አንድ ገልባጭ መኪና ብቅ አለና «ጤና ይስጥልኝ ውድ ተመልካቾቼ! ዛሬ የባለቤትን ልብ ያለ ሐኪም እንዴት እንደምንቀይር እናያለን። ከዚያ በፊት ግን ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» አለ። እኔም የራሴ ደረት መሆኑን ረስቼ ሰብስክራይብ አደረግኩ።

መኪናዬ ደረቴን በቁልፍ ፈታ ስትከፍተው የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። እኛ ሰፈር ኮፈን ከተከፈተ መንገደኛው ሁሉ መካኒክ ነው፤ «ባትሪ ነው»፣ «ካንዴላ ነው»፣ «ፈትተህ መልሰህ እሰረው» የማይል የለም። በሕልሜ ግን ሰዎቹ በሰልፍ እየቀረቡ፣ ደረቴን በአክብሮት አይተው «አላውቅም» እያሉ ያልፉ ጀመር። በመጨረሻ ጎረቤቴ ጋሽ ገዛኸኝ ደረሱ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቤንዚን አጥታ አጥር ሥር የቆመች ቮልስ አለቻቸው፤ እሳቸው የማያውቁት ነገር ደግሞ ገና አልተፈጠረም።

«ጋሼ፣ ምኔ ነው የተበላሸው?» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ስለዚህ ጉዳይ ምንም የማውቀው የለኝም።»

በእውነት የፈራሁት ያኔ ነው። በቃ፣ ሞቻለሁ አልኩ።

በሩ ተንኳኳ። ደረቴ እንደተከፈተ ሄጄ ብከፍት፣ የከተማው ማደያዎች በሙሉ ጣሪያቸውን ተሸክመው፣ ቱቧቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ተሰልፈዋል። የሰልፉ መጨረሻ አይታይም።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ቤንዚን ቅዳልን» አለ የፊተኛው ማደያ። «እዚሁ ነው ያደርነው።»

«አልቋል» አልኩት። ይህቺን ቃል እኔ የምናገርበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤም አላውቅ! ጣፈጠችኝና ደገምኳት። «አልቋል! ቦቴው መንገድ ላይ ነው። ነገ ሞክሩ።»

«ያ ጀሪካንስ?»

«እሱ ለልዩ ትእዛዝ ነው።»

ከማደያዎቹ ኋላ ሆስፒታሉ ራሱ፣ ከነአልጋው ከነሐኪሞቹ፣ እያለከለከ ደረሰ። «ነፍሰ ጡሯ የት አለች? እባካችሁ ተኙልን!» እያለ ይለምናል። ተመስገን፣ ከእንግዲህ መኪና ምን ያደርግልኛል ብዬ ትርሲትን ልጠራ ስል፣ ማደያዎቹ «ሰልፍህን ያዝ!» ብለው ገፍትረው ወደ ኋላ መለሱት። ወዲያው ትርሲት ከቤት ውስጥ ስሜን ጠርታ «በላቸው፣ ምጤ መጣ!» ብላ ጮኸች። ልሮጥ ብል ልቤ የለም፤ መኪናዬ ይዛዋለች።

«ቶሎ በይ እንጂ!»

«ጨርሻለሁ። ይቺ ብሎን ብቻ ተረፈች። የምን ናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«እንግዲያው አታስፈልግህም» ብላ ብሎኗን በአጥር ላይ ወረወረቻትና፣ ደረቴን ልትዘጋ በጎማዋ ትደልቀኝ ጀመር።

ብንን አልኩ። የሚደልቁኝ አማቴ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው።

«ተነሣ እንጂ አንተ ሰው! ልጄን ምጥ ይዟታል!»

«መኪናዋ ደርሳለች፣ እማማ! ቤንዚኑን መጨመር ብቻ ነው የቀረኝ። ጀሪካኑስ?»

«ያን ግም ነገር? ሽታው ለነፍሰ ጡር መች ይሆናል! ከበር ውጭ አስቀመጥኩት።»

ከበር ውጭ! ሰው ቤንዚን ፍለጋ ማደያ በር ላይ በሚያድርበት ዘመን! እየሮጥኩ ወጣሁ። ጀሪካኑ የነበረበት መሬት ትንሽ ረጥቧል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ከቤት የትርሲት ጩኸት ይሰማኛል፤ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ።

ይኼኔ ከአጥሩ ማዶ ሞተር ተነሣ። የጋሽ ገዛኸኝ ቮልስ እየተንተከተከች መጥታ በሬ ላይ ቆመች።

«አስገባት፣ ቶሎ!» አሉ ጋሽ ገዛኸኝ። «እግዜር ሥራውን ያውቃል፤ ዛሬ ቤንዚን መንገድ ላይ ጥሎልኛል!»

ትርሲትንና እናቷን ከኋላ አስገብቼ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። እግሬ የሆነ ነገር ገጨ። ባዶው ጀሪካኔ ነው፤ አንሥቼ ታቀፍኩት።

ጋሽ ገዛኸኝ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ምክራቸውን አላቋረጡም። «ካንዴላ ነው ብዬህ ነበር፤ ፓምፕ ምን አስነካህ? ደሞ ሚስቱ የደረሰችበት ሰው፣ ምንም ቢሆን ቤንዚን ይይዛል!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩ።