ንግግር ያለበት ካሴት

[ዘንዘልማ፣ የሟቹ የአቶ ሣህሉ ሳሎን። ከሞተ ሠላሳ ቀኑ ነው። ታላቅ ወንድሙ አስማማው፣ ከፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት በጡረታ የወጣ፣ የሣህሉን የካሴት መዝገብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ እርሳስ ይዟል። የሣህሉ ጎረቤት አምሐ፣ ገበሬ፣ በካሴት ክምር መሐል መሬት ላይ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ያለው ቴፕ በነጠላ ተሸፍኗል።]

አስማማው፦ ሣህሉ የሞተ ዕለት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው የደወልሁልህ።

አምሐ፦ ሦስት ሰዓት ነበር፣ ጋሼ። ከብቶቹን ገና ውኃ አላጠጣሁም ነበር።

አስማማው፦ እኔ ራሴ የሰማሁት ሦስት ሰዓት ከአምስት ነው። ጢሜን እየተላጨሁ ነበር። ግማሹን ጨርሻለሁ፣ ግማሹ ሳሙና ነው። ሌላውን ግማሽ ሳልጨርስ ደግሞ ለማንም አልደውልም።

አምሐ፦ ለቀብር ሲመጡ ግማሹ አልተላጨም ነበር።

አስማማው፦ [መዝገቡን ይገልጣል] ስደውል ምን አልሁህ?

አምሐ፦ «አምሐ፣ ወንበር አለህ?» አሉኝ። «ስንት?» አልሁ። «ያለህን ሁሉ» አሉ። ያኔ ገባኝ።

አስማማው፦ በል ወደ ሥራችን። ወለተ ሚካኤል ከአርባው በኋላ ዱርቤቴ፣ ልጇ ቤት ትገባለች። የምትይዘው አንድ ሳጥን ነው። «ባሌን የሚያስታውሰኝን ምረጡልኝ» ብላለች። እኔም ንጹሕ ንጹሑን መርጬ፣ አስሬ፣ ፈርሜበት አልጋዋ ሥር አስገብቻለሁ። የቀረውን መዝግበን እንጨርስ።

አምሐ፦ ሳይሰሙ እንዴት መረጡ?

አስማማው፦ አርባው ሳይወጣ ሙዚቃ? በወንድሜ ቤት?

አምሐ፦ ዝቅ አድርገን።

አስማማው፦ ሠላሳ ዓመት ዕቃ ስረከብ መለያውን አንብቤ ነው። ሳሙናም ተረክቤአለሁ፤ አልታጠብሁበትም። [ያነብባል] ቁጥር አርባ። ሐይቁ ዳር፣ ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት። እዚህ ላይ ከሣህሉ ጎን ነበርሁ። ፊት ወንበር። በሁለተኛው ዘፈን ጉማሬ ጮኸ፤ ሕዝቡ ጊታር መስሎት አጨበጨበ።

አምሐ፦ ዘፋኟ ምን ለብሳ ነበር?

አስማማው፦ ልብስ።

አምሐ፦ ስታዲየም መብራት የጠፋ ጊዜስ ነበሩ?

አስማማው፦ ነበርሁ።

አምሐ፦ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ አሉ።

አስማማው፦ መንገዱ ላይ መብራት ነበር።

አምሐ፦ መንገዱ?

አስማማው፦ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መንገድ አያይም ያለህ ማነው?

አምሐ፦ [ክምሩን ያገላብጣል] ቁጥር አርባን እዚህ አላየሁትም።

አስማማው፦ ወጥቷል። ሰኞ ከሰጠሁህ አሥራ አንድ ካሴቶች አንዱ ነው። ብልሽት።

አምሐ፦ በምን ተበላሸ?

አስማማው፦ ሣህሉ ራሱ የአስተያየት ዓምድ ላይ «ንግግር አለበት» ብሎ ጽፏል። ኮንሰርት ገብቶ የቀዳው ሁሉ እንደዚያ ነው። ዘፈኑ መሐል ሰው ያወራል። ለዚህ ነው የካሴቱን ክር ዳጉሳህ ላይ ዘርጋው ያልሁህ። ነፋስ ሲነካው ያፏጫል፣ ወፍ ይሸሻል።

አምሐ፦ የሚያወራው ማነው?

አስማማው፦ ሰው።

አምሐ፦ የቱ ሰው?

አስማማው፦ አምሐ፣ ብልሽት ስም የለውም።

አምሐ፦ ኮንሰርት ላይ ቴፑን የሚይዘው ማን ነበር?

አስማማው፦ ሣህሉ። ጭኑ ላይ።

አምሐ፦ ለቴፑ ቅርቡ ማነው?

አስማማው፦ [እርሳሱን ያቆማል] ሣህሉ።

አምሐ፦ እኔም አላሰብሁትም ነበር። የከፈትሁት ለወፉ ብዬ ነው።

አስማማው፦ ለወፉ?

አምሐ፦ ሰኞ አንዱን ካሴት ፈትቼ ዘረጋሁ። ወፎቹ መጥተው ክሩ ላይ ተቀመጡ። ድምፁ አያስፈራ ይሆን ብዬ ሌላውን ቤቴ ከፈትሁት።

አስማማው፦ በሐዘን?

አምሐ፦ ለሙዚቃ አይደለም፤ ለሥራ ነው።

አስማማው፦ እሺ?

አምሐ፦ አያስፈራም። ጋሼ ሣህሉ ናቸው። ያስላሉ። ከዚያ «እዚች ወንበር ላይ እንዳትቀመጡ፤ የወንድሜ ናት። በር ላይ በረኛውን ስለ ወረፋ እያስተማረ ነው፤ አሁን ይገባል» ይላሉ። ዘፈኑ ያልቃል። «አሁን ይገባል» ይላሉ።

አስማማው፦ የትኛው ኮንሰርት ላይ?

አምሐ፦ አሥሩም ላይ። በአሥሩም ቦታ ይዘውልዎታል። ሐይቁ ዳር ላይማ ስለ ወንበሯ ከሁለት ሰው ጋር ተጣልተዋል። ጉማሬውም በአራተኛው ዘፈን ነው።

አስማማው፦ በረኛው ወረፋ አያውቅም ነበር።

አምሐ፦ አሥር ጊዜ?

አስማማው፦ በረኛ ነው፤ ይቀያየራል። አሥሩ ካሴት የት አለ?

አምሐ፦ እትዬ ወለተ ሚካኤል አልጋ ሥር። ዛሬ ጧት ሳጥኑን ፈትቼ ቀየርሁት። የእርስዎ ንጹሖቹ ይኸው እዚህ ክምር ውስጥ ናቸው። ከቅድም ጀምሮ እየመዘገቧቸው ነው።

አስማማው፦ ፊርማዬ ነበረበት!

አምሐ፦ ፊርማው ከላይ እንዲሆን አድርጌ መልሼ አስሬዋለሁ።

[አስማማው የጻፈውን ያያል። አይሰርዘውም።]

አስማማው፦ የዘረጋኸው ቁጥር ስንት ነው?

አምሐ፦ ዘጠና ሁለት። የካሴቱ ቀፎ ኪሴ ውስጥ አለ።

አስማማው፦ [በጣቱ ይፈልጋል] ዘጠና ሁለት። የገና ዋዜማ፣ አዳራሽ። ንግግር አለበት።

አምሐ፦ ከአስተያየቱ በፊት ሌላ ዓምድ አለ።

አስማማው፦ «አብሮ የነበረ» ይላል። እሱን አላየሁትም። ለርክክብ አያስፈልግም።

አምሐ፦ አሁን ይዩት፣ ጋሼ።

አስማማው፦ [መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፤ መልሶ ያደርጋል] በሌሎቹ ላይ «አስማማው፣ በር ላይ» ይላል። እዚህ ላይ... «አስማማው ገባ። እስከ መጨረሻው።»

[አምሐ ባዶውን ቀፎ ከኪሱ ያወጣል።]

አምሐ፦ ሳልሰማው ነው የዘረጋሁት።

አስማማው፦ እኔ ነኝ የሰጠሁህ። ነፋስ አለ?

አምሐ፦ ከሐይቁ በኩል ጀምሯል።

አስማማው፦ ተነሥ። እርሳስ ያዝ።

አምሐ፦ ምን ልንመዘግብ?

አስማማው፦ ወደ ቀፎው መልሰን ልንጠቀልልበት ነው እንጂ። ክሩ ምን ያህል ይሆናል?

አምሐ፦ ማሳውን አራት ጊዜ ዞሯል። እሾህ ላይም ተይዟል።

[አስማማው ጫማውን ያጠልቃል። በሩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ጮክ ብሎ ያነብበዋል።]

አስማማው፦ «ቁጥር ዘጠና ሁለት፤ ማሳ ላይ ነው። ገና አልተጠቀለለም።»