የእትዬ ዘይነባ ፍሪጅ

ከራሱ ጥቅም ይልቅ ስሙን የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሰፈራችን ጊንጆ ውስጥ አንዲት አውቃለሁ፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ የሰፈሩ ብቸኛ ባለፍሪጅ።

ኢድ ሲደርስ የለውዝ ብስኩት ሊጣችንን ተሸክመን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን። ሊጡ ካልቀዘቀዘ ምድጃ ውስጥ ይፈሳላ! እሳቸውም ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው በክብር ይቀበሉናል። ኋላ እንደደረስኩበት ግን ፍሪጁ ከሞተ ቆይቷል። ሊጣችንን የሚያቀዘቅዙት ጓሮ፣ የጉድጓድ ውሃ በሞላበት ሳፋ ውስጥ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጡ።

«ፍሪጁ ለሰፊው ሕዝብ ይፈለጋል። ይሠራል?»

«ሞቷል» ቢሉ ፍሪጁ በቀረላቸው። ነገር ግን ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

«አስተግፊሩላህ! የእኔ ፍሪጅ? በረዶ ነው እንጂ!»

በአራት ጎረምሳ ተጭኖ ሄደ።

በቀጣዩ ኢድ ሊጣችንን ቀበሌ ወሰድን። ሊቀመንበሩ ሊጡን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ቀዝቅዟል» አሉ። የሕዝብ ፍሪጅ አይሠራም ብሎ ማን አንገቱን ይስጥ? «በጣም እንጂ፣ ጓድ!» አልን።

ብስኩታችን ምድጃ ውስጥ ፈስሶ ለውዝ ያለበት ቂጣ ሆነ። እትዬ ዘይነባ ከቂጣው ቆርሰው ቀመሱና በኩራት ዞር ዞር ብለው አዩን።

«አላልኳችሁም? ዛሬም እንደ ድሮው ነው የሚሠራው!»