አንድ ነፍስ በነፃ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የጌም ሳጥን የሚሠራው ኩባንያ ጓዙን ጠቅልሎ ስልክ ውስጥ ገባ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከመተኛቴ በፊት አንድ ዜና አንብቤ ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘውን የጨዋታ ሳጥን ሲሠራ የኖረ አንድ ኩባንያ «ወደ ስልክ ሊገባ ነው» ይላል። ጸሐፊው ሊል የፈለገው ከእንግዲህ ለእጅ ስልክ የሚሆኑ ጨዋታዎችን ይሠራል ነው። ሕልም ግን ዜና ሲያነብ እንደ አዋቂ አያነብም። ገባ ካሉት ገባ ነው።

ጊዜው ረፋድ ነበር፤ ፀሐዩ ደምቋል። የሰፈራችን አስፋልት ላይ፣ ከጋሽ ወንድይፍራው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ ስልክ በጀርባው ተጋድሟል። የማውቀው ስልክ ነው፤ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ፣ የባለቤቴ። መጠኑ ያው የመዳፍ ያህል ነው። የኩባንያውን ጓዝ የጫኑት አይሱዙዎች ግን እስከ ቀለበት መንገዱ ድረስ ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ እየተጠጉ፣ የጎን መስታወታቸውን አጥፈው፣ ሆዳቸውን ሳብ አድርገው ይገቡበታል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚክስ ስለሆነ ይህ ሊሆን እንደማይችል ለአንዱ ሾፌር ለማስረዳት ሞከርኩ።

«እኔም አላመንኩም ነበር፣ እትዬ» አለኝ። «አሁን ሦስተኛ ምልልሴ ነው።»

ሁሉም ነገር ተገለባብጧል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ዳቦዎቹ ተሰልፈው የሚገዛቸው ሰው እስኪታደላቸው ይጠብቃሉ። የጦርነቱ ጨዋታ ወታደሮች ጠብመንጃቸውን ወደ ጎን አድርገው ብርጭቆ በጋዜጣ ይጠቀልላሉ። የውድድር መኪኖቹ በነጂዎቻቸው ጫንቃ ላይ ተፈናጠው «ማርሽ ቀይር እንጂ፣ ሰው ቀደመን» ይላሉ። ሰባት ራስ ያለው አንድ ዘንዶ፣ በሰባቱም አፉ ጎረቤቱን ሁሉ ሲሰናበት ደክሞት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ስልኩ አጠገብ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የርክክብ ኮሚቴው ሥራ ላይ ነበር። የኮሚቴው አባላት አምስት አሮጊቶች ናቸው። ሊቀመንበሯ አማቴ ወይዘሮ አሰገደች ሆነው ሳይ ገረመኝ። አማቴ በውናቸው ስልክ የሚይዙት እንደ ጋለ ድስት በሁለት ጣት ነው። የልጃቸውን ስልክ የሰጠኋቸውም ፎቶውን እንዲያዩበት ብቻ ነበር፤ እሱንም ከፍቼ የማሳያቸው እኔ ነኝ። በሕልሜ ግን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የኩባንያውን ፕሬዚዳንት ይመረምራሉ። ሰውየው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከኋላው አራት መቶ መሐንዲስ ተሰልፏል።

«ጨዋታህ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉት።

«ስድሳ ሰዓት፣ እናቴ። ተራራ አለው፤ ባሕር አለው፤ ዘንዶም አለው።»

«ስድሳ ሰዓት ማን አለው? እኔ ያለኝ የታክሲ ሰልፍ ነው። ስድስት ደቂቃ። ቆራርጠው።»

«ተራራውንም?»

«ከተራራው ጀምር።»

ቢላዋ መጣ። ተራራውን እንደ ድፎ ቆረሱት፤ ባሕሩን በጆግ እየቀዱ በየብርጭቆው አደረጉት።

«እኔስ?» አለ ዘንዶው ከተቀመጠበት።

«አንተ በቀን አንድ ራስ» አሉት።

ዘንዶው ራሶቹን ቆጠረ። ከሰኞ እስከ እሑድ ሥራ ማግኘቱን ሲያውቅ ፊቱ ሁሉ፣ ሰባቱም፣ ፈካ።

«እጅህን አሳየኝ» አሉት ፕሬዚዳንቱን። «በስንት ጣት ነበር የምታጫውተው?»

«በዐሥሩም።»

«እዚህ አንድ አውራ ጣት ይበቃል። በሌላው እጄ ዘምቢል ይዣለሁ። የቀረውን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ፕሬዚዳንቱ ጣቶቹን ኪሱ ከተተ። አራት መቶውም መሐንዲስ ከተተ። ሥራ የፈታ ሰው ሆነው ማፏጨት ጀመሩ።

ይሄኔ ተራ አስከባሪው አይሱዙ ላይ ወጥቶ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። «ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ሳጥን ውስጥ የቀረ ሰውም ሆነ ዕቃ ይጠፋል። አልሰማሁም ማለት አይቻልም።»

የእኛ ሳጥን ትዝ አለኝ።

ቤታችን፣ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ሳጥን ሦስት ወር ሙሉ ጠፍቶ አያውቅም። ባለቤቴ አንዳርጌ ሆስፒታል የሄደ ቀን ጠዋት እየተጫወተ ነበር። የጠራንለት መኪና ውጭ ሆኖ ጡሩምባ ሲነፋ ጆይስቲኩን አስቀመጠና «ፖዝ አድርጌዋለሁ፤ እንዳትነኩት። መጥቼ እጨርሰዋለሁ» አለ። ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱት አንድ ሰው ከአንድ ጣሪያ ወደ ሌላ ጣሪያ ሲዘል መካከል ላይ ቀርቷል። አንድ እግሩ ከኋላ ነው፤ አንድ እግሩ ከፊት፤ ከሥሩ ምንም የለም። እኔም አልነካሁትም። መብራት ሲሄድ አጠገቡ ያስቀመጥኩት መጠባበቂያ ባትሪ ሁለት ሰዓት ያቆየዋል። ሁለት ሰዓቱ ሊሞላ ሲል የጎረቤት ጄኔሬተር ለምኜ አውቃለሁ። ምን ልታደርጊበት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሮጥኩ። በሕልም ሲሮጡ እግር ይያዛል ይባላል፤ የእኔ አልተያዘም። ቤት ገብቼ ሳጥኑን አቀፍኩት። ከሶኬቱ ከነቀልኩት ሰውየው ይወድቃል፤ ስለዚህ ሳልነቅለው ወጣሁ። ገመዱ ተከተለኝ። ገመዱ ሲያልቅ ሶኬቱ ተከተለኝ፤ ሶኬቱ ሲያልቅ ግድግዳው ከነካሌንደሩ፤ ከዚያ ቆጣሪው፤ ከቆጣሪው ኋላ የመብራቱ ምሰሶ በአንድ እግሩ እየዘለለ። ክብደቱ ምንም አልነበረም።

«ገመዱን አትርገጡብኝ» እያልኩ በሰፈሩ መካከል አለፍኩ።

ጎረቤቶቼ ገመዱን ከመሬት አንሥተው እንደ ሙሽራ ቬሎ ያዙልኝ። ጋሽ ወንድይፍራው በዱቄት የነጣ ሽርጡን እያራገበ ከፊት ከፊት ይሮጥ ነበር።

«መንገድ ልቀቁ፣ ሙሽራዋ መጣች።»

«ኧረ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሙሽራ አይደለሁም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ አጃቢ የማን ነው?»

ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ድምፁን ስላላወቅሁት ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም፤ እኔው ነበርኩ።

ስልኩ ጋ ለመድረስ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረኝ አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት ከመሬት የበቀለ ያህል ፊቴ ተገተረ። እጁ ላይ ሳሙና ይዟል።

«ማስታወቂያ ነኝ» አለ። «ይህ ሳሙና እድፍን ከሥሩ...»

«ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ።»

«ከአምስት ሰከንድ በኋላ ሊዘሉኝ ይችላሉ።»

«አምስት ሰከንድ የለኝም።»

«ሦስት ነው የቀረው፤ ሁለት... አሁን ይዝለሉኝ» አለና በጨዋ ደንብ አስፋልቱ ላይ ተጋደመ።

ሳጥኑን እንዳቀፍኩ ዘለልኩ። አየር ላይ ሳለሁ ጊዜው ረዘመብኝ። አንድ እግሬ ከኋላ፣ አንድ እግሬ ከፊት፤ ወደ ታች አላየሁም። ከዚያ ማዶ አረፍኩ። ጫማዬ እንኳ አልተፈታም። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ከዚህ በፊት እዘል ነበር።

ዘንዶው ወረፋውን ለቀቀልኝ። «ግቢ እቴ፤ እኔ እስከ እሑድ ጊዜ አለኝ» አሉ ሰባቱ ራሶች በአንድ አፍ።

አማቴ ቀና ብለው አላዩኝም። «ስም?» አሉ።

«አንዳርጌ ሽብሩ።»

እስኪርቢቷቸው ቆም አለች። ከዚያ ጻፉት፤ ፊደሉን እያሳመሩ።

«ስንት ነፍስ አለው?»

በጌም ሰዎች ቋንቋ ነፍስ ማለት ወድቆ መነሣት ነው። ሦስት ነፍስ ያለው ሁለቴ ወድቆ ይነሣል፤ አንድ ያለው ከወደቀ ወደቀ።

«አንድ ነበረው» አልኩ።

«ፎርሙ ላይ ‹ነበረው› የሚል ቦታ የለም። አለው ወይስ የለውም?»

«ፖዝ ላይ ነው።»

አምስቱ አሮጊቶች ተያዩ። አንዷ «ምነው ይሄን ያህል ጊዜ?» አለች። ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት።

«ልጄ፣» አሉኝ አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እዚህ ፖዝ የለም። ስልክ ውስጥ ማንም አየር ላይ ቆሞ አይኖርም።»

«ነፍሱ ያለቀበት ሰውስ ምን ይሆናል?»

«ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቃል፤ አንድ ትበቅልለታለች።»

«መጠበቅ ካልቻለስ?»

«ወዳጅ ይልክለታል።»

«ምን ይልክለታል?»

«ነፍስ ነዋ። የመጀመሪያዋ በነፃ ናት።»

ሳጥኑን ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩት፤ ከደስታ ነው። ይህን ያህል መጽሐፍ አንብቤ፣ ይህን ያህል ፈተና አልፌ፣ ይህን አንድ ነገር ሳላውቅ መቅረቴ። «ለምን እስከ ዛሬ አልተነገረኝም?» አልኩ።

«ማመልከቻ አላስገባሽም። ደግሞም ሳጥን ውስጥ ላለ ሰው አይላክም። መጀመሪያ ከሳጥኑ ይውጣ።»

አራት መቶው መሐንዲስ እጁን ከኪሱ አወጣ። አራት ሺህ ጣት ሳጥኑን ከፈተው። ሰውየውን እንደ ዘለለ፣ እግሩ እንደ ተከፈተ፣ ልክ የመስኮት መስታወት እንደሚሸከሙ ተሸክመው ወደ ስልኩ ወሰዱት። «ክርኑን ጠብቅ፣ ክርኑን» ይላል ፕሬዚዳንቱ። ስልኩ ውስጥ ሁለቱ ጣሪያዎች ተዘጋጅተው ቆይተዋል። ሰውየውን መካከል ላይ አኖሩት። ከሥሩ «ላክ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ በራ።

«ሁለት ደቂቃ ቀረ» አለ ተራ አስከባሪው።

አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ምንም አልሆነም። ደግሜ ተጫንኩ።

«ጣትሽ እርጥብ ነው፤ አይቀበልም» አሉኝ አማቴ።

«ዝናቡ ነው» አልኩ።

ፀሐዩ እንደ ደመቀ ነበር። ማንም አልተከራከረኝም። አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ፤ ጠረግሁበት። ዘንዶው ትንፋሹን ያዘ። ዳቦዎቹ ሳይቀሩ ከሰልፋቸው ወጥተው ከበቡን።

«አንድ ደቂቃ።»

ተጫንኩ። ነፍሷ ከጣቴ ሥር ስትወጣ ተሰማኝ፤ ሞቅ ያለች፣ ከአተር የማትበልጥ ነገር ናት። ሰውየው ጋ ደረሰች። የፊተኛው እግሩ ተንቀሳቀሰ። ሦስት ወር የቆመው እግር ወደ ጣሪያው ወረደ፤ አንድ ስንዝር ቀረው፤ አንድ ጣት ቀረው፤ ጫማው ቆርቆሮውን ሊነካ...

ስልኬ ጮኸና ነቃሁ።

ነግቷል። አንዳርጌ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ የምተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ስለሆነ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የሳጥኑን ትንሽ መብራት ነው። የለም። የባትሪውም መብራት የለም። እጄን ዘርግቼ ሳጥኑን ነካሁት፤ ሁልጊዜ ለብ ይል ነበር። ቀዝቅዟል።

ስልኬን አነሣሁ። መልእክት ገብቷል፤ የላኪው ስም አንዳርጌ ነው።

«አንዳርጌ ነፍስ አልቆበታል። አንድ ነፍስ ትልክለታለህ? የመጀመሪያዋ በነፃ ናት።»

በወንድ ነው የሚጠይቀኝ። ከሥሩ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም።

«ትርሲት?» አሉ አማቴ ከጓዳው ወዲያ ካለው ክፍላቸው። «ነቃሽ ልጄ?»

«ነቅቻለሁ፣ እማዬ።»

«መብራት ሄዷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የለም።»

«እንዴት አወቁ?»

አልጋቸው ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በልጄ ስልክ ፍራፍሬ እደረድራለሁ። ሦስት ሦስቱን ነው የሚደረደረው። የወንድይፍራው ልጅ ናት ጨዋታውን የጫነችልኝ። እንዳትስቂብኝ።»

«አልሳቅኩም።»

«አሁን ነፍስ አለቀብኝ። ወዳጅ ጥሪ ሲለኝ ያንቺን ስም ነካሁት። አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ ላኪልኝ እንጂ። ባትሪው አራት በመቶ ነው የቀረው።»

አውራ ጣቴን በብርድ ልብሱ ጠረግሁና ላክሁላቸው።