የጋሽ ላቀው ጀልባ ርክክብ

ኦሞራቴ ድልድዩ ላይ በመኪና ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አውጥቼ ወደ ታች አያለሁ። ምን እንደምፈልግ ልንገራችሁ? ጀልባ!

ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ነው። ያኔ ጂንካ ቢሮ እሠራ ነበር። ኃላፊያችን ጠሩኝና፣ ኦሞ ዳር ባለቤት አልባ ጀልባዎች ተገትረዋል፣ አንዷም የብረት ናት፣ ሰውም ይኖርባቸዋል አሉ፣ ሄደህ አስነሳ ብለው ደብዳቤ ሰጡኝ። ጎረምሳ ነበርኩ። ማኅተም ያለው ወረቀት ከያዝኩ አዞም የሚነሳልኝ ይመስለኝ ነበር።

ስደርስ፣ ከግንድ የተቦረቦሩት ጀልባዎች ሁሉ ባለቤት አላቸው። የቀረችው አንዲት የብረት ጀልባ ናት። ብረቷ ዝጓል፣ ሞተሯ ወልቋል፣ መሪዋ ላይ ሸሚዝ ተሰጥቷል። አጎበር ገልጠው አንድ ሽማግሌ ወጡ፤ ጋሽ ላቀው። የአንድ እርሻ ድርጅት ጀልባ ነጂ ነበሩ። ድርጅቱ ሲፈርስ ሠራተኛው ሁሉ ወደየአገሩ ገባ። እሳቸው ግን ጀልባዋን በፊርማ ነው የተረከቡት፤ መልሶ የሚረከባቸው ጠፋ። ያደራ ጥብቅ የሰማይ ሩቅ ይባል የለ? አገራቸው ወሎ እናታቸው ሲያርፉ እንኳ «ጀልባዋን ለማን ጥዬ?» ብለው ቀሩ።

ደብዳቤውን ፈራ ተባ እያልኩ አነበብኩላቸው። ይቆጣሉ ስል እጄን ጨበጡ።

«ተመስገን! መጣህልኝ?»

«እኔን ማን ብለው ነው?»

«ተረካቢዬ ነሃ!»

ምን ልበል? ፈረምኩ። ጀልባ አንድ፣ ገመድ አንድ፣ መቅዘፊያ አንድ። ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና እንደ ሕፃን አለቀሱ። በማግስቱ ተላጭተው፣ ቦርሳቸውን አንግበው፣ በጭነት መኪና ወደ እናታቸው መቃብር ሄዱ። እኔ ጀልባ የሚጎትት መኪና ፍለጋ ቀረሁ። ሲገኝ አይደል! እንኳን ኦሞራቴ ጂንካም የለ።

በወሩ ጋሽ ላቀው ከች አሉ። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምነው? አገር አልተስማማዎትም?»

«አገሩስ ደግ ነው፤ ግን መሬቱ አይወዛወዝም ልጄ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፈቃድህ ከሆነ… አንድ ቀን ልተኛባት?»

ያን ሁሉ ዘመን የኖሩባትን እኔን ሲያስፈቅዱ አፈርኩ። ወረቀት አወጣሁና የጀልባዋ ጥበቃ አድርጌ መደብኳቸው። ማታውኑ ማንኮራፋታቸው ከወንዙ ድምፅ በላይ ተሰማ።

ጂንካ ስመለስ ኃላፊዬ ስንት ባለቤት አልባ ጀልባ እንዳስነሳሁ ጠየቁኝ።

«አንድም አላገኘሁም» አልኳቸው።

«የብረቷስ?»

«እሷማ የኔ ናት።»