ስሜን ያልጠየቀችኝ ጸሐፊ

ሌባ ተብያለሁ። ስቶክሆልም፣ ሁስቢ ሰፈር፣ በራሴ ማኅበር፣ በሊቀ መንበራችን በአቶ ተፈራ አፍ።

በፈረንጆቹ 2006ቱ የስዊድን ምርጫ ለሐበሻው የምርጫ ስብሰባ አዘጋጅተን ነበር። አዳራሽ የፈለግሁት፣ ወንበር የደረደርኩት እኔ ነኝ። አቶ ተፈራ ከኮሙን፣ ከከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ የድጋፍ ገንዘብ ጠየቁ። ከዚያ "ገንዘቡ መጥቶ እሱ በላው" ብለው አስወሩ።

ማንበብ በማይችል ሰው ላይ መዋሸት ቀላል ነው። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።

ሁለት ዓመት ተኩል ለቅሶ ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። በአርባ አራት ዓመቴ።

አሁን የዛሬውን ጉዴን ስሙ።

ልጄ በስዊድንኛዋ የኮሙን ወረቀት ለማንም ክፍት ነው ትለኛለች። የመንግሥት መዝገብ ለማንም? የት አገር ሆነሽ ነው የምታወሪው ብዬ ሳቅኩባት። አገሩ እኮ የእሷ ነው።

ቢሆንም ወደ ኮሙኑ ቢሮ ሄድኩ። ሱፍ ለብሼ፣ ማመልከቻ በገዛ እጄ ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ ፓስፖርት፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ አንድ ምስክር ይዤ። ምስክሩ የጎረቤት ሰፈር፣ የአካላው ጋሽ ከበደ ናቸው። ቢሮ የሚገባው እንደዚህ ነዋ!

ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት። የማኅበራችንን የድጋፍ ገንዘብ ወረቀት ስጠይቃት የትኛው ዓመት እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። ፓስፖርቴን ዘረጋሁ፤ መለሰችልኝ። ማመልከቻዬን ሰጠኋት፤ አያስፈልግም አለች። ስሜን ልነግራት ስል ተወው ብላ እጇን አነሳች።

ደሜ ፈላ።

ስሙን የማይጠይቁት ሰው እኮ ከሰው አልተቆጠረም! በዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት፣ በዚያ ሱፍ፣ በተሰባበረ ስዊድንኛ ጮህኩባት፦

"እኔም ስም አለኝ። ጻፊው።"

ጋሽ ከበደ ዞረው ግድግዳ ማየት ጀመሩ።

ልጅቱ አልተቆጣችም። "ማን እንደሆንክ፣ ለምን እንደፈለግከው መጠየቅ ሕጉ ይከለክለኛል" አለችኝ።

ይከለክላታል! እኔን አይደለም። እሷን!

ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ስጠና የኖርኩ ሰው ነኝ። ቢሮው እኔን እንዳይጠይቅ የሚያዝ ሕግ በዓለም ላይ አለ ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ስጀምር፣ ለካ እኔም ስሟን አልጠየቅኳትም።

ወረቀቱን አመጣች። አንድ ገጽ። ጋሽ ከበደ ላንብብልህ ቢሉኝ እምቢ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት።

ማመልከቻው ጊዜው ካለፈ በኋላ ስለደረሰ ውድቅ ሆኗል። ምንም አልተከፈለም። የአመልካች ፊርማ፦ ተፈራ።

በላህ የተባልኩት ገንዘብ ጭራሽ አልነበረም! እውነቱ ደግሞ ከቤቴ አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ሆኖ ተኝቶልኛል።

በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ክፍል ሄድኩ። ጡረተኞቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ አቶ ተፈራም አሉ። ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

አቶ ተፈራ መጀመሪያ ያሉት ምን መሰላችሁ?

"ይህን እንድታይ ማን ፈቀደልህ?"

"ማንም። ፈቃድ አያስፈልገውም።"

ካርታው ቆመ። እሳቸው የያዙትን ካርታ አስቀምጠው "ማመልከቻውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ኀፍረቴን ባንተ ላይ ጣልኩት" አሉ። ሽማግሌዎቹ አስነሥተው ይቅርታ አስጠየቁልኝ። ተሳሳምን። ልቤ ግን ገና አልሳማቸውም፤ አልዋሽም።

ታዲያ ሞኙ ማን ነው? የዋሸው ነው፣ ወይስ አምስት ደቂቃ ለሚፈጅ ጥያቄ ሁለት ዓመት ተኩል ያኮረፈው?

ነገሩ ያለቀው ዛሬ ነው፤ ማክሰኞ፣ ሜይ 12 ቀን 2009።